ምስክሯ ሳህን

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። የማወራችሁን ነገር ሰው ነግሮኝ አይደለም። በእጄ ይዤ፣ በዓይኔ አይቼ ነው። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ቅር አይለኝም።

ፊደል ከገደፍኩ ደግሞ ይቅር በሉኝ። የምጽፈው በአንድ እጄ ነው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም፣ መብራትም አልጠፋም። በላቦራቶሪው መስኮት የምትገባዋ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አቧራ ሳይቀር ታሳያለች። ሰው ሁሉ ምሳ ሊበላ ወጥቷል።

እኛ ሁለት ሴቶች በሩን ከውስጥ ቆልፈን ቆመናል...

ከፊታችን መዳፍ የምታክል ሳህን አለች።

«ወስኚ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሰውየው እየመጡ ነው።»

ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ ልመለስ።

የምሠራው በአንድ የቆዳ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጭርት በሉት፣ ቆረቆር በሉት፣ የእግር ጣት መላላጥ በሉት፣ ብዙውን የሚያመጣው የቆዳ ፈንገስ ነው። ሐኪሙ ቅባት ያዛል፣ ኪኒን ያዛል። አልድን ያለውን ወደ እኛ ይልከዋል።

እኛ ቆዳውን በስለት ፋቅ ፋቅ እናደርግና ፈንገሱን ሳህን ላይ እናሳድገዋለን። ሳህን ስላችሁ የምሳ ሳህን እንዳይመስላችሁ። ትንሽዬ፣ ክዳን ያላት፣ ውስጧ እንደ ጄሊ የረጋ የፈንገስ ምግብ ያለባት ናት። ምግቡ ላይ የተለያየ መድኃኒት የጠጡ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጣለን። ከዚያ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ከተን መጠበቅ ነው። ፈንገሱ እንደ ነጭ ጥጥ ሳህኗን ይሞላታል። ጥሩ መድኃኒት ባለበት ወረቀት አጠገብ ግን ድርሽ አይልም። ዙሪያው ጥርት ብሎ ባዶ ይቀራል። ያን ጊዜ ለሐኪሙ «ይሄኛው ይሠራል» እንለዋለን።

አንዲት ሳህን ግን ሁልጊዜ መድኃኒት አይነካትም። ፈንገሱ ማንም ሳይከለክለው እንዴት እንደሚያድግ የምታሳየን እሷ ናት። እኛ ቤት ስሟ ምስክር ነው። ምስክር ከሌለች የፈተናው ውጤት አይታመንም።

ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ እታለም ናት። የወጣላት ስሟ አይደለም። በዕድሜም በሥራም ታላቃችን ስለሆነች ሁላችንም እንደዚያ እንጠራታለን። ግራኝ ናት። በግራ እጇ ወረንጦ ስትይዝ እጇ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። ብቻዋን ትኖራለች፣ ወሬ አታበዛም።

እኔ ደግሞ አፌም እግሬም አያርፍም።

«አንቺን ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ቢገኝ የመጀመሪያውን ጠርሙስ የምገዛው እኔ ነኝ» ትለኝ ነበር።

እታለም ከድሮ ጀምሮ የማትለቀው አንድ አሠራር ነበራት። ይህ ፈንገስ ፀጉር ይበላል። ስለዚህ መድኃኒቱን መፈተን ያለብን ፈንገሱ ሲበላ ነው እንጂ ሲፆም አይደለም ትላለች። በየሳህኑ ላይ የተቆረጠ የልጅ ፀጉር እንነሰንሳለን። የልጅ የሚሆነው ቀለምም ቅባትም ስላልነካው ነው። ልጅ ያለን ሠራተኞች ልጆቻችን ሲቆረጡ በፖስታ እየከተትን ተራ በተራ እናመጣለን።

ፀጉሩ መጀመሪያ ድስቱ ውስጥ ይገባል። ድስት የምንለው በእንፋሎት የሚቀቅለውን ትልቁን ማሽን ነው። እዚያ ገብቶ የወጣ ነገር ላይ ነፍስ ያለው ነገር አይተርፍም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱትን ሰውዬ ጋሽ እንፋሎት እንላቸዋለን። እሳቸውም ወደውታል።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። አንገቷ ላይ ክብ ጭርት አለባት። ያልተቀባችው ቅባት፣ ያልዋጠችው ኪኒን የለም። ከአንገቷ ፍቀን ወሰድን።

ፀጉር የማምጣት ተራው የኔ ነበር። የልጄን የሚጣን ፀጉር አባቷ ቆርጦት ነበር። አባቷ ቤት ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ፀጉር ሲቆርጥም ሽቦ የሚቆርጥ ነው የሚመስለው። ሚጣ መስታወት አይታ ስታለቅስ ዋለች። እኔ ግን ቁርጥራጩን ሰብስቤ ወደ ሥራ ይዤው ሄድኩ።

ቀቀልነው። ለመድኃኒቷ ሳህን በቃ። ለምስክሯ አልተረፈም።

«ነገ ከየትም ብዬ አመጣለሁ» አልኩ።

እታለም ወደ ቁም ሣጥኗ ሄደች። ከልብሷ ሥር ዝገት የበላት አሮጌ የከረሜላ ቆርቆሮ አወጣች።

«ምንድን ነው?»

«ፀጉር።»

«የልጅ ነው?»

«የልጅ ነው።»

በወረንጦ ጥቂት ዘለላ አነሳች። ወደ ቀይ ያደላ፣ ልስልስ ያለ ፀጉር ነው። ቆርጣ ቆርጣ የጥፍር ቁራጭ አሳከለችው።

«ስጪኝ፣ ድስቱ ሳይዘጋ ላስገባው።»

«አይቀቀልም።»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ያልተቀቀለ ልብስ ለብሰን እንኳ እንዳንገባ የምትከለክለን ሴት ናት እኮ።

«ለምን አይቀቀልም?»

«አይቀቀልም አልኩሽ።»

ድምፅዋ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም... እኔም ሚጣን ከትምህርት ቤት ማውጣት ነበረብኝ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ትከሻዬን ነቅንቄ አለፍኩት። ሁለቱን ሳህኖች ጎን ለጎን ማሞቂያው ውስጥ አስቀመጥናቸው።

ጥቂት ቀናት አለፉ።

አንድ ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት የመድኃኒቷ ሳህን ላይ ፈንገሱ ወጥቷል። ግን በዘራንበት ቦታ አልነበረም። ጠርዙ ጋ፣ ከአንደኛው ወረቀት ሥር፣ ክብ ቀለበት ሠርቶ በቅሏል።

እዚያው መድኃኒቱ ላይ...

«ይሄ ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው» አልኩና መልሼ ከደንኩት።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሚጣን ሳበጥራት ማበጠሪያው ከግራ ጆሮዋ በላይ ሸተት አለ። ፀጉሯን ገለጥኩት። ክብ መላጣ። ጥርት ያለ፣ በኮምፓስ የተሠመረ የሚመስል።

አባቷ ከዕቃዎቹ መሃል ቀና ብሎ አየን።

«የቢሮሽን ዕቃ ቤት ይዘሽልን መጣሽ አይደል?» አለ።

ቀልዱ ነው። እጄን ስንቴ እንደምታጠብ እኔ አውቃለሁ። ቢሆንም ራሴን ረገምኩ።

በማግስቱ ከቀለበቱ ጠርዝ ፀጉር ነቅዬ ወሰድኩና በማይክሮስኮፕ አየሁት።

ምንም የለበትም።

እታለምም አየችው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ንጹሕ ነው» አለች።

«መላጣ ሆና እንዴት ንጹሕ ይሆናል?»

የማሞቂያውን ሣጥን ዞር ብላ አየችው... ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔ ሄጄ ከፈትኩት። ሳህኗ ላይ ሁለተኛ ቀለበት ወጥቷል። ታች፣ ወደ ኋላ በኩል። ውስጡ የነበረው የሚጣ ፀጉር ተበልቶ ዱቄት ሆኗል።

ሚጣን ያን ዕለት ከትምህርት ቤት አስቀርተናት ከአባቷ ጋር ቤት ነበረች። ለምን ስልኬን እንዳነሳሁ አላውቅም።

«ስማ፣ የሚጣን ማጅራት እየው።»

«ምኑን ልየው?»

«ፀጉሯን ገለጥ አድርገህ እየው አልኩህ።»

ሲነሳ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁት። ሚጣ «አባ፣ ኪሊኪሊ አታድርገኝ» ስትል ሰማሁ።



«አንቺ...» አለኝ ቆይቶ። «በስልክ እንዴት አወቅሽ?»



ግልጽ ፕላስቲክ ቆርጬ ሳህኗ ላይ አደረግሁና ቀለበቶቹን በእስክሪብቶ ገለበጥኳቸው። ቤት እንደገባሁ ሚጣን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ ፕላስቲኩን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፍኩት።

ልክክ አለ።

«ማሚ፣ ምን እየለካሽ ነው?»

«ባርኔጣ ልገዛልሽ ነው» አልኳት።

«ሰማያዊ ይሁን።»

እሺ አልኳት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ይህን ሁሉ አጋጣሚ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ለራሴ እንደዚያ ስል ነው ያደርኩት። ቀጥሎ ያለውን ግን እንዴት አጋጣሚ እንደምለው አላውቅም።

ሥራ ገብቼ ጋውኔን ገና ሳልቆልፍ ስልኬ ጮኸ።

«ቶሎ ነይ» አለ ባሌ። «ልጅቷ እንደ እሳት እየነደደች ነው። ጨርቅ በውሃ ነክሬ ባደርግባትም አልበርድ አለች።»

ቦርሳዬን ይዤ ስሮጥ በማሞቂያው ሣጥን አጠገብ አለፍኩ። ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። ሣጥኑ ተበላሽቷል። ሙቀቱ ከሚገባው በላይ ወጥቶ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

ቦርሳው ከእጄ ወደቀ።

በሩን ከፍቼ ሳህኗን አወጣሁና መስኮቱ ላይ፣ ቀዝቃዛው እብነበረድ ላይ አስቀመጥኳት። ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ባሌ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«ወረደላት» አለ። «እንዴ... በአንዴ ወረደላት እኮ። ቆይ... አሁን ደግሞ እየተንቀጠቀጠች ነው። ብርድ ብርድ አለኝ ትላለች።»

ሳህኗን ከእብነበረዱ ላይ አነሳኋት። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ በሁለት መዳፎቼ መሃል ያዝኳት። እንቁላል የያዝኩ ያህል ፈርቼ ያዝኳት።

«አሁንስ?»

«አሁን ደህና ነች» አለ። ድምፁ ተቀይሯል። «ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ብላለች። ማሚ ያዘችኝ ትላለች።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አዎ፣ እኔ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተጣደፈ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር መጥቶ የተበላሸውን ሣጥን አየ።

«ውስጡ ያለው ሁሉ በምሳ ሰዓት ድስት ይግባ» አለ። «አዲስ እንጀምራለን።»

«ዶክተር፣ ትንሽ ብናቆየው...»

«በተበላሸ ሙቀት የወጣ ውጤት ምን ይሠራልናል? ሁሉንም አስወግዱ።»

እውነቱን ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ግን ድስቱ ውስጥ ገብቶ በሕይወት የሚወጣ ነገር የለም ብያችሁ የለ? ፀጉሯ መጀመሪያ ሲቀቀል ምንም አልሆነችም ነበር፣ አሁን ግን ሳህኗ ስትግል ልጄ ስትነድ አይቻለሁ።

ሳህኗን መደበቅ እችላለሁ። በጋውኔ ሥር ሸጉጬ መውጣት ቀላል ነው። ችግሩ ውስጧ ያለው ነው። ከወረቀቶቹ አንዱም አልሠራም፣ አንዱም። ፈንገሱ በሁሉም ላይ እየተረማመደ የሚጣን ፀጉር እየጨረሰው ነው። ወደ አንድ ጥግ የተሰበሰቡ ጥቂት ጥቁር ዘለላዎች ብቻ ቀርተዋል።

ፀጉሩን ሲጨርስ ቀጥሎ የልጄን ምኗን ይበላል?

ሰዉ ለምሳ ሲወጣ እታለምን እጇን ይዤ አስቀረኋት። ሁሉንም ነገርኳት። ትስቅብኛለች፣ ወይም ዕረፍት ውሰጂ ትለኛለች ብዬ ነበር።

አልሳቀችም። ሄዳ በሩን ቆለፈች።

«ምስክሯን አይተሻታል?» አለችኝ።

«ምስክሯን ማን ያያታል?»

እውነት ነው። መድኃኒት የሌለባትን ሳህን ማንም ልብ ብሎ አያያትም። ፈንገሱ ይሞላታል፣ ሞልቷል ብለን እናልፋለን። ሁላችንም የምንሠራው እንደዚያ ነው።

አምጥታ ከፊቴ አስቀመጠቻት። ክዳኗን ከፈተች።

ፈንገሱ ሳህኗን ጥጥ አስመስሏታል። ፀጉሩ ባለበት ግን የለም። በእያንዳንዱ ዘለላ ዙሪያ ጥርት ያለ ባዶ ቦታ አለ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የጠራ ክብ በየትኛውም መድኃኒት ዙሪያ አይቼ አላውቅም።

«መድኃኒት ቀብተሽበታል?»

«ምስክር ላይ?» አለችኝ፣ እንደተሰደበች ሁሉ።

ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ጠጋ ብዬ አየሁት፣ መነጽሬን ጠርጌ አየሁት... ስናስቀምጠው የጥፍር ቁራጭ የሚያክል ነበር።

አሁን ረዝሞ በሳህኗ ጠርዝ ዙሪያውን ተጠምጥሟል።

«እታለም... ይሄ ፀጉር የማን ነው?»

«የልጄ።»

«ልጅ አለሽ እንዴ?»

«ነበረኝ።»

ከኮሪደሩ ጫፍ የጋሪ ጎማ ሲጮህ ተሰማ። ጋሽ እንፋሎት ናቸው። ያ ጎማ ዘይት ከጠጣ ቆይቷል።

እታለም ወረንጦውን በግራ እጇ ያዘች።

«አፉን የፈታው በኔ ነው» አለች፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል። «እማምዬ ነበር የሚለኝ። ሌላው ልጅ ሁሉ እማዬ ሲል እሱ እማምዬ ነው።»

«የሚጣ ሳህን ላይ ብናደርገው... ምን ይሆናል?»

«ፈንገሱ ይሸሸዋል።»

«ሌላስ?»

«ሌላውን አላውቅም።»

«እውነቱን ንገሪኝ፣ በሞቴ።»

«አላውቅም አልኩሽ እኮ።»

ጎማው እየቀረበ ነው። አንድ በር ተንኳኳ፣ ቀጥሎ ሌላው። «የሚቀቀል አለ?» የሚለው የጋሽ እንፋሎት ድምፅ ይሰማል።

«ወስኚ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሰውየው እየመጡ ነው።»

ፊቷን አየሁት። እኔን አይደለም የምታየው። የሚጣን ሳህን ነው። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፣ ዓይኔ ዋሽቶኝም እንደሆነ ራሴን ጠይቄአለሁ። አልዋሸኝም። ደስ ብሏት ነበር።

ይህን እያየሁ ነው አዎ ያልኩት።

«አድርጊው።»

አንድ በአንድ አነሳቻቸው። እያንዳንዱን ቀይ ዘለላ ከምስክሯ ላይ አንስታ የሚጣ ሳህን ላይ፣ ቀለበቶቹ ውስጥ አስተኛችው። እጇ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አልነበረውም።

ፈንገስ ለመሞት ቀናት ይፈጅበታል። ይህ ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ያ ጥጥ ግን ዓይናችን እያየ ሟሸሸ። ከፀጉሩ አጠገብ እየሸሸ፣ እየሸሸ ሄዶ ጠፋ።

በሩ ተንኳኳ።

«የሚቀቀል አለ?»

የሚጣን ሳህን በጋውኔ ሥር ሆዴ ላይ አጣበቅኋት። እታለም በሩን ከፍታ የቀሩትን ሳህኖች ለጋሽ እንፋሎት አስረከበች። ምስክሯንም ጨምራ።

«ይቺም ትግባ?» አሉ።

«ትግባ። ባዶ ናት።»

ከቆርቆሮው ውስጥ የቀረውንም ፀጉር ሁሉ የሚጣ ሳህን ላይ እንደጨመረችው ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ያህል ዘመን የደበቀችውን ቆርቆሮ ስትወጣ ቅርጫት ውስጥ ጣል አድርጋው ሄደች። ወደ ኋላ እንኳ አላየችም።

ስልኬ ጠራ።

«ተኝታለች» አለ ባሌ። «ላቧ ደርቋል። ፊቷም ተመልሷል። ግን... በእንቅልፍ ልቧ ትስቃለች።»

«ትሳቅ» አልኩት። እንባዬ እየወረደ ነው። «ተዋት፣ ትሳቅ።»

ሚጣ ዳነች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ከእናንተ ይልቅ እኔ ደስ ባለኝ።

ሳህኗን ቤት ወስጄ በፎጣ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳት። አልጥላት ነገር ልጄ ናት፣ አልቀቅላት ነገር ልጄ ናት። ሲበርድ ፎጣ እደርብላታለሁ፣ ሲሞቅ እገልጥላታለሁ።

«ሳላውቅ ሁለተኛ ልጅ ወለድሽ እንዴ?» ይለኛል ባሌ።

እስቅለታለሁ። ምን ላድርግ?

የሚጣ ቀለበቶች ፀጉር አበቀሉ። መጀመሪያ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሲያድግ ግን ወደ ቀይ አደላ። ልስልስ አለ። በጥቁሩ ከርዳዳ ፀጉሯ መሃል ሁለት ቀያይ ክቦች።

«ይሄ ደግሞ በማን ወጣ?» አለ ባሌ እየዳበሳት። «በኔ በኩል እንዲህ ዓይነት ፀጉር የለም።»

«በኔም የለም» አልኩ።

ከዚያ እርሳስ በግራ እጇ መያዝ ጀመረች። ሰማያዊ ባርኔጣ ገዝቼላት ነበር፣ አይታው የማን ነው አለችኝ። ቀዩ ፀጉር ከክቡ እየወጣ እየሰፋ ሄደ። በየቀኑ ጠዋት ሳበጥራት ጥቁሩ ያንሳል።

ፎጣውን ገልጬ ሳህኗን ማየት ተውኩ። ፈራኋት።

እታለም ያን ጊዜ ሥራ ለቃለች። ጡረታዋ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

እስከ ዛሬ ድረስ።

ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ነው። ባሌ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል። ሚጣ ሳሎን ወለል ላይ ተኝታ ሥዕል ትሥላለች፣ በግራ እጇ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ፀጉሯ ላይ አርፋለች። ምሳ ሰዓት ደርሷል።

ሚጣ እርሳሷን ጣል አድርጋ ተነሳች። ወደ በሩ ሄደች።

«ወዴት ነው?»

«ልከፍት ነዋ።»

«ማንም አላንኳኳም እኮ።»

ከፈተችው።

እታለም ደጃፉ ላይ ቆማለች። ልታንኳኳ ግራ እጇን አንስታለች፣ ገና አላንኳኳችም። ቤቴን አሳይቻት አላውቅም።

ሚጣ ቀሚሷ ላይ ተጠመጠመች።

«እማምዬ» አለቻት። «ዘገየሽ።»

ልጄ ናት። አምጬ የወለድኳት ልጄ ናት። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም።

ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩና በሩን ዘጋሁት። ቁም ሣጥኑን በረገድኩት፣ ፎጣውን ፈታሁት። ሳህኗ በቀይ ፀጉር ሞልታለች። ክዳኗን ከውስጥ ገፍቶ ሊያነሳው ደርሷል። መሃል ላይ አንዲት ጥቁር ዘለላ ብቻ ቀርታለች... የጥፍር ቁራጭ የምታክል፣ አባቷ እንደ ሽቦ የቆረጣት። ዙሪያዋ ጥርት ያለ ባዶ ክብ ነው።

ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ያን ዕለት ያደረግሁትን አደረግሁ። በሁለት መዳፎቼ መሃል ያዝኳት። አጥብቄ ያዝኳት።

ሳሎን ውስጥ የነበረው ሳቅ ቆመ።

«እማምዬ...» አለች ሚጣ።

«ወዬ፣ ልጄ?»

«አንዲት ሴትዮ ይዛኛለች። ልቀቂው በያት።»

እታለም ወደ መኝታ ቤቱ እየመጣች ነው። ኮቴዋ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ እስካሁንም አልገባችም። ጥላዋ በበሩ ሥር ይታየኛል። ከጎኑ አንድ ትንሽ ጥላ አለ።

ባሌ ስልክ አያነሳም። ይህን የምጽፍላችሁ አልጋው ጥግ ተቀምጬ በቀኝ እጄ ነው። ግራ እጄ ሳህኗን ይዟል፣ አልለቀቀም።